«6 በግ» ተብሎ የተጻፈው የፊዚክስ መልስ

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ሳልጨርሰው። እንኳን የሰው ታሪክ ልጽፍ፣ ስሜን ስፈርም እንኳ እጄ ይፈራል። ግን ከኔ የተሻለ ጸሐፊ እስኪመጣ ብጠብቅ የመጣ የለም። ስሕተቴን አንባቢ ያቃናልኝ፤ ድፍረቴንም ይቅር ይበለኝ።

ተሾመች ቀየት የሚባል ገጠር ልጅ ናት። በ1995 ዓ.ም. መሐል ሜዳ ከተማ አሥረኛ ክፍል ስትማር ከአገሯ ልጅ ከእየሩስ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። የዚያው የቀየት ልጅ አንዷለም ደግሞ በዚያው ግቢ ከጎናቸው ያለችውን ይዟል። ቅዳሜ ቅዳሜ አገር ቤት ወርደው የሳምንት ስንቃቸውን፣ ቆሎውንም ድርቆሹንም ተሸክመው ይመጣሉ። አባቷ አቶ ዓምደ ሚካኤል ቁርጡን ነግረዋታል።

«ካርድሽ ላይ አንድ ዜሮ ያየሁ ዕለት ስንቁም ትምህርቱም አበቃ።»

ፊዚክሱ ኤሌክትሪክ ላይ ሲደርስ ሦስቱም ተጨነቁ። ሁለት ሬዚስተር ጎን ለጎን ሲገጠም ተቃውሞው ይቀንሳል ይላል ደብተሩ። ጨምረን ሳለ እንዴት ይቀንሳል? አንዷለም ደብተሩን አልጋው ላይ ወረወረው። ነገሩን የፈታችው ተሾመች ናት።

«ስማ አንተ። በረት ሙሉ በግ አለህ፤ በሩ ጠባብ ነው፤ ተጋፍተው ነው የሚወጡት። ያ በር ሬዚስተር ነው በለው።»

«እሺ፣ አልኩት።»

«ከጎኑ ሌላ በር ክፈት። ከፊተኛው ይጥበብ ግድ የለም። በጉ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል?»

አንዷለም «ይፈጥናል! የበግ መሐንዲስ» ብሎ ደብተሩን አነሳ።

ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ የሠሩት አምፒሩን በግ እያሉ ነው። እየሩስ ቀመሩን ትይዛለች፣ አንዷለም ክፍልፋዩን ያሰላል፣ ተሾመች በጉን ትነዳለች።

ፈተናው መጣ። አሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ፣ ባለ ስድስትና ባለ ሦስት ኦም ሬዚስተር ጎን ለጎን። ጠቅላላው ሁለት ኦም፣ የሚያልፈው ስድስት አምፒር። ሦስቱም ደረሱበት። ግን አፋቸውም እጃቸውም ለምዶ ኖሮ፣ ሦስቱም «6 በግ» ብለው ጻፉ።

መምህሩ ሦስቱን ወረቀት ክፍሉ ፊት ዘረጋ።

«ስድስት በግ! ፋሲካ ደረሰ እንዴ?» ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። «እንዲህ ያለ ስሕተት ሦስት ሰው በየራሱ አይሳሳትም። ተኮራርጃችኋል። ዜሮ ናችሁ። ማን ከማን እንደገለበጠ የነገረኝ ግን የራሱን ማርክ ያገኛል።»

ተሾመች አባቷ ታወሷት። ቢሆንም ተነሣች።

«ቲቸር፣ የገለበጠ የለም። በጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አብረን አጠናን እንጂ አብረን አልተፈተንም።»

«አንቺ ትክክል ሠርተሽ ይሆናል። ስም ጥሪና ማርክሽን ውሰጂ።»

«የምጠራው ስም የለኝም። ለየብቻ ይፈትኑን። አይሆንም ካሉ ዜሮውን ለሦስታችንም ያኑሩት፤ እኔም ከነዜሮዬ አባቴ ፊት እቆማለሁ።»

ከኋላ አንዱ «በግ ነጂ» ብሎ አንሾካሾከ። ዞር ብላ «እሱስ ነኝ፤ አንተ ስንት አመጣህ?» አለችው። መምህሩ ወረቀቶቹን ሰበሰበና፣ «ነገ አንድ ሰዓት ላይ ኑ» አለ።

በማግሥቱ ጧት ሦስቱንም አራርቆ አስቀመጣቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም ሌላ ሌላ ጥያቄ ሰጣቸው። ተሾመች ቀድማ ጨረሰች። መምህሩ አረመላትና ዜሮውን ሰርዞ ከሃያ አሥራ ስምንት ጻፈላት። «በቃ፣ ሂጂ» አላት።

«የነሱም ይሰረዝ» አለችና፣ የእየሩስና የአንዷለም ወረቀት እስኪታረም ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች።