የተጠባባቂው ምት

ወንድሜ ነው ብዬ አላሽሞነሙነውም። አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ንፍጡን የጠረግኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስለ እሱ ያሻኝን ለመናገር የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም። በሰፈሩ በስሙ የሚጠራው የለም። «ተጠባባቂው» ነው የሚሉት። በሚሠራበት የቀለም ፋብሪካ የንብረት ክፍል ኃላፊው ጡረታ ሲወጣ «ለጊዜው ቦታውን ያዝ» ብለውት ተጠባባቂ ኃላፊ ሆነ። ለጊዜው የተባለው ነገር ፀጉሩን አሸበተው። የገዛ ሚስቱ ሳትቀር ስትናደድ ተጠባባቂው ትለዋለች።

ከልጅነቱም እንዲህ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እሱ ዳር ቁጭ ብሎ ጫማቸውን ይጠብቃል። አንድ ሰው ሲጎድል ያስገቡኛል እያለ ነው። ሰው ሲጎድል ከመንገድ ላይ ሌላ ይጠሩና እሱን ይተዉታል። እኔ እርር ድብን ብዬ እጁን ይዤ ወደ ቤት እጎትተዋለሁ፤ ዞር ስል ተመልሶ ጫማዎቹ አጠገብ ይቀመጣል። አንድ ቀን እንኳ ጫማቸውን ወንዝ ውስጥ አልወረወረባቸውም። እኔ ብሆን ወርውሬ ነበር።

የምንኖረው በአባታችን ግቢ ነው። የፊቱ ክፍል የእኔ ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ ከጀርባው ባሉት ሁለት ጠባብ ክፍሎች እሱና ሚስቱ ይኖራሉ። ሚስቱ ከዚያ ለመውጣት ያላት ጉጉት የጉድ ነው። አልፈርድባትም፤ የስፌት መኪናዬ ከግድግዳዋ ማዶ ሲንገጫገጭ ይውላል፤ መስኮቷ ደግሞ አንዲት ብቻ ናት፣ እሷም የምታሳየው የእኔን የልብስ ገመድ ነው። ፋብሪካው ለክፍል ኃላፊዎች ቤት ይሰጣል። ለተጠባባቂ ግን አይሰጥም። ስለዚህ የዚያች ሴት ሕልም በሙሉ ያቺ ቃል ከባሏ ማዕረግ ላይ እስክትነሳ ድረስ መጠበቅ ነበር።

ቤቱንም አይታዋለች። ባዶውን ተቀምጧል፣ ሰፋፊ መስኮቶች አሉት። በአጥሩ ሽንቁር አጮልቃ መስኮቶቹን በዓይኗ ለክታ መጣችና መጋረጃ ይስፉልኝ አለችኝ። በዓይን በተለካ መስኮት መጋረጃ ይሰፋል እንዴ ብዬ ሳቅኩባት። «ሹመቱ ይምጣ እንጂ እትዬ፣ ቢያጥር እንቀጥለዋለን» አለች። አንጀቴን በላችውና እሺ አልኩ።

የዚያ ፋብሪካ ሰው ጠባይ ለብቻው ነው። የፊተኛው ሥራ አስኪያጅ አትክልት ይወድ ነበር፤ ታዲያ ከሒሳብ ክፍል እስከ ዘበኛው ድረስ ሁሉም አበባ ተካይ ሆነ፤ ሰውየው በተነሳ በሳምንቱ አበባው ሁሉ በውሃ ጥም ደረቀ። ይኼኛው ሲመጣ ጎልፍ ይወዳል ተባለ። በቃ። ጎልፍ የሚበላ ይሁን የሚጠጣ የማያውቀው ሁሉ ዱላ ፍለጋ ወጣ። የእኔው ጉድ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የማን እንደነበሩ የማይታወቁ አሮጌ ዱላዎች ከነቦርሳቸው ተሸክሞ ከች አለ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሜዳ ደርሶ ሲመለስ ጉልበቱ ላይ ሣር ነበር። ምን ሆነህ ነው ስለው መሬቱን መታሁት አለኝ። ኳሷ ከነበረችበት አልተነቃነቀችም፤ የሣር ቁራጭ ተነስቶ የሒሳብ ኃላፊው ጫማ ላይ አረፈ፤ አለቆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንተስ ምን አደረግክ አልኩት። እኔም ሳቅኩ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ላይ የሥራ አስኪያጁን ቦርሳ የሚሸከመው እሱ ነው። ለዚያ ሥራ የተቀጠሩ ሰዎች አሉ፤ እየነጠቀ ነው የሚሸከመው። አሽቃባጭ አይቼ አውቃለሁ፣ ግን ሌላው አሽቃባጭ ቢያንስ ጥቅሙን ያገኛል።

ካሜራው የመጣው ያኔ ነው። ሠርግና ልደት የሚቀርጽ ጎረቤት አለን፤ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ከነሦስት እግር ማቆሚያው ወንድሜ ላይ አራገፈው። ትልልቆቹ ተጫዋቾች የሚታረሙት ራሳቸውን ቀርጸው እያዩ ነው አለኝ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ። ሰው ጉድለቱን ለማወቅ ካሜራ የሚያስፈልገው ከሆነ እህት ለምን ተፈጠረች? እኔ በነጻ ነበር የምነግረው።

ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት አሮጌ ፍራሽ አጥሩ ላይ ያስደግፋል። ካሜራውን አቁሞ ያስጀምርና ሮጦ ኳሷ ፊት ይቆማል። መቀመጫውን ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ታች አድርጎ፣ መጸዳጃ ቤት የጠፋበት ሰው መስሎ ይቆያል፣ ይቆያል፣ ከዚያ ይሰነዝራል። ደንበኞቼ ልብስ ሊለኩ ሲመጡ የሚቀበላቸው ይኼ ትርኢት ነው። አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሰውየው አሞታል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ካሜራውን በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያያይዛል። የልብስ መለኪያ ጠመኔዬን ይሰርቅና የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ በጭንቅላቱ ዙሪያ ክብ ይሠራል፣ በጀርባው በኩል መስመር ያሰምራል። ቪዲዮውን ያስኬደዋል። ሲሰነዝር ጭንቅላቱ ከክቡ ከወጣ ምቱ ተበላሸ ማለት ነው ይላል። የእኔ ጠመኔ የስንቱን ቀሚስ ያስተካከለ ጠመኔ ነው፤ አሁን የእሱን ራስ እንዲያስተካክል ተፈረደበት። ይኼን ሁሉ የሚያየው ድምፁን ጭጭ አድርጎ ነው። ለምን ስለው ሐሳቤን ይበትነዋል አለኝ። ድንቄም ሐሳብ!

ቅዳሜ ሜዳም ይዞት ይሄዳል። አለቆቹ ተራቸውን እየጠበቁ ከሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር አጠገብ ያቆመዋል፤ ከዚያ ሲታይ ጀርባው ቀጥ ብሎ ይታያል አሉ። እነሱም አልከለከሉትም። የሚስቁበት ሲያገኙ ማን ይከለክላል?

ሐቁን መደበቅ ስለማልችል እንጂ ይኼን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ አሰነዛዘሩ ተሻሻለ። ድሮ ፍራሹን ስቶ ባልዲዬን ይመታ የነበረው ሰው፣ ኳሷን እየደጋገመ አንድ ቦታ መትቶ ፍራሹን በሳው። ድምፁም ተለወጠ። መጀመሪያ እንጨት የመፍለጥ ዓይነት ነበር፤ ኋላ ግን ጥርት ያለች አንዲት ጠብ የምትል ድምፅ ሆነች፤ ከስፌት መኪናዬ ጋር ሆኜ እንኳ እሰማታለሁ። እና ምን ይጠበስ? ንብረት ክፍል የሚሾመው በዱላ ነው እንዴ? ሚስቱ ግን ነው ባይ ናት። ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ጎበዝ ብሎታል፤ ይኼ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሹመቱ በዚህ ወር ነው። በር ላይ ቆማ እጆቿን እያፋተገች መጋረጃውን እንድጨርስላት ለመነችኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። ተኩሼ፣ አጣጥፌ፣ ታቅፌ ይዤላት ሄድኩ። እሷ ጓዳ ዕቃ ታጥባለች። እሱ እንደ ልማዱ ጠመኔዬን ጨብጦ ቴሌቪዥኑ ፊት ተደንቅሯል። የትናንቱን ቅዳሜ ነው የሚያየው። ሜዳው ሰፊ ነው፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ከጥግ በኩል አግዳሚው ላይ የተቀመጡ ሰዎች ጉልበትና የሚያብረቀርቅ ጫማ ይታያል። መጋረጃውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሪሞቱ አጠገቤ ነበር። እስቲ እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ምን ያወራሉ ብዬ ድምፁን ከፈትኩት።

«ተይው እትዬ» አለ። ዘገየ።

ካሜራ ዓይን እንጂ ጆሮ ያለው አይመስላቸውም መሰለኝ፣ አፋቸውን ሞልተው ነው የሚያወሩት። መጀመሪያ ስለ አቋቋሙ ተሳሳቁ፤ አንዱ ዳክዬ አለው። እሱን እንኳ እኔም ብያለሁ። ቀጥሎ የሒሳብ ኃላፊው የንብረት ክፍል ነገር እንዴት ሆነ ብሎ ሲጠይቅ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ለእህቴ ልጅ ነው የምሰጠው፤ ቤቱንም እሱ ይገባበታል። ይኼማ ተጠባባቂ እንደሆነ ይቆይና ልጁን ሥራ ያሳየው። ደግሞ ቦርሳዬን እንደሱ የሚሸከም ከየት አገኛለሁ?»

ሳቁ። ቀና ስል ሚስቱ ጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ከእጇ ውሃ ይንጠባጠባል። ሁሉንም ሰምታለች።

ወንድሜ ይደነግጣል፣ ይቆጣል፣ ቢያንስ ያለቅሳል ብዬ ጠበቅኩ። የለም። የቴሌቪዥኑን ክብ በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ ያደርጋል። ሰማህ ወይ አልኩት። ሰምቻለሁ አለ። ትናንት ብቻም አይደለም፤ ሜዳ መቅረጽ ከጀመረ ወዲህ በየቅዳሜው ቪዲዮ ይኼው ወሬ አለበት፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የሰማው። ድምፁን የሚያጠፋው ሚስቱ ከግድግዳው ማዶ እንዳትሰማ ነበር። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል ከረመ።

«እና መጋረጃ ሳሰፋ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር?» አለችው ሚስቱ። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ያኔ እኔ ፈነዳሁ። ሙልጭ አድርጌ ሰደብኩት። ድንጋይ ብሎኬት አልኩት፤ ጫማ ጠባቂ አልኩት፤ ያንን ሁሉ ሰምቶ በሳምንቱ ቦርሳ ሊሸከም የሚሄድ ሰው ደም የለውም አልኩት። ዱላ በእጅህ ይዘህ፣ ሰውየው አጠገብህ ቆሞ፣ ኳስ ትመታለህ? ምን ልትሆን ነው የምትሄደው አልኩት።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። መጠበቅ ያውቅበታል። ከዚያ ሪሞቱን ከእጄ ወስዶ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። «ዝም ብለሽ ስሚ» አለኝ።

ያው ወሬ፣ ያው ዳክዬ፣ ያው የእህት ልጅ፣ ያው ሳቅ። እሱ ሜዳው ላይ ዱላውን ወደ ኋላ አነሳ። ጭንቅላቱ ከጠመኔው ክብ አልወጣም። ጠብ! ኳሷ ሄደች፤ ከቴሌቪዥኑ ጫፍ ወጥታ ጠፋች። አግዳሚው ላይ የነበረው ሳቅ መሐል ላይ ተቆረጠ። ማንም አልተነፈሰም። ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማው። ትንሽ ቆይቶ ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገና ተራው የማን ነው ብሎ ጠየቀ።

«መጀመሪያ ስመታም ይስቁ ነበር» አለ ወንድሜ። «አሁን ዝም ይላሉ።»

ይኼን ሲል ፊቱ ላይ የነበረውን ኩራት ብታዩት። ይኼን ሁሉ ጊዜ ሲለፋ፣ ባልዲዬን ሲሰብር፣ ጠመኔዬን ሲጨርስ የከረመው ለዚህች ነው። አለቆቹ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል አፋቸውን ዘግተውለታል፤ ለእሱ ሹመት ማለት ያቺ ዝምታ ናት። የሚስቱን ቤት፣ የሚስቱን መስኮት፣ ያንን ሁሉ ሕልም በእሷ ለወጠ። ናቅኩት። ወንድሜ ነው፣ ናቅኩት፤ ጆሮዬ ግን ያንን ዝምታ ሰምቷል፣ አልሰማሁም ልል አልችልም።

ሚስቱ እጇን ቀሚሷ ላይ አደራረቀችና መጥታ መጋረጃውን ከጭኔ ላይ አነሳችው። ወደዚያች ወደ አንዲቷ መስኮት ሄዳ ዘረጋችው። ስፋቱ መስኮቷን አልፎ ግድግዳውን ሸፈነ፣ ርዝመቱ ወለሉ ላይ ተጎተተ። ጀርባዋን እንደሰጠችን ትርፉን በእጇ ሰበሰበችው።

«እትዬ፣ ይቁረጡልኝ» አለችኝ።

እሱ ቪዲዮውን እንደገና ወደ ኋላ እየመለሰ ነበር። ጠመኔዬን ከእጁ መንጭቄ ተቀበልኩትና መስኮቷ ጋ ሄጄ መጋረጃው ላይ ምልክት አደረግኩ። የሚቆረጠው ብዙ ነበር።