መድፍ ያልበሳው ቆዳ

የወሰዱኝ ከማስተምርበት ክፍል ነው። ጠመኔውን እንኳ ሳላስቀምጥ ወጣሁ። ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ ማን ማንን እንደሚያስር በደንብ ያልለየበት ጊዜ። ያስገቡኝ የድሮ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ። ከረፋድ በኋላ ግድግዳውን መደገፍ አይቻልም፣ ያቃጥላል።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ቪዲዮ ቤት የነበረው ጎልማሳ፣ ሌላው ከማታር ከተማ በጀልባ ሲመጡ የተያዙ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ።

በሦስተኛው ቀን የቪዲዮ ቤቱ ሰው አንድ ፊልም ተረከልን። አራት ፎቅ የሚያህል አውሬ ከሐይቅ ወጥቶ ከተማ ያፈርሳል። መድፍ ቢተኩሱበት ቆዳው አይበሳም። በመጨረሻ አንዲት ተመራማሪ መርፌ ወግታ ትገድለዋለች።

ሽማግሌው እስኪጨርስ ጠበቁት።

«አዞ ፍየል ከበላ ብዙ ቀን ይተኛል። ይሄ በየቀኑ ሰው ይበላል። ሆዱ የት ነው?»

«አባባ፣ ፊልም እኮ ነው።»

«እሺ፣ ፊልም ነው። መድፍ እምቢ ያለ ቆዳ፣ መርፌ በየት ገባ?»

የቪዲዮ ቤቱ ሰው ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ እስቲ አንተ ንገራቸው።»

እኔ ግን ለሽማግሌው ፈረድኩ። የእንስሳ ቁመት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ፣ የእግሩ ጥንካሬ ግን አራት እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ያ አውሬ ገና ከውሃው ሲወጣ እግሩ ይሰበራል አልኩ።

«ታዲያ ፊልሙ ሳይጀመር ሊያልቅ ነው!» ብሎ ጮኸ የቪዲዮ ቤቱ ሰው። ሳቅን። በሩ ላይ የቆመው ዘብ ሁሉንም ሰምቷል።

በማግስቱ ጠዋት የቪዲዮ ቤቱን ሰው ወሰዱት። ቀጥሎ እኔን ጠሩኝ። መርማሪው ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር።

«አውሬው ማነው?» አለኝ።

«የፊልም አውሬ ነው።»

«መርፌውን የሚወጋውስ?»

ወረቀቱ አስቀድሞ ተጽፏል። የቪዲዮ ቤቱ ሰው በአውሬ አሳብቦ መንግሥትን እንድንጥል ቀስቅሶናል ይላል። ከፈረምኩ ወደ ተማሪዎቼ ቶሎ እንደምመለስ ነገረኝ። ከጎን ካለው ክፍል ሰው ሲያስል ይሰማኛል፤ የቪዲዮ ቤቱ ሰው ሳል መሆኑን አወቅኩ። ፈረምኩ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ሌላ ወረቀትና የአሻራ ቀለም ይዞ እኛ ዘንድ መጣ። ሽማግሌው ወረቀቱን ለእኔ አቀበሉኝ።

«መምህር፣ አንብብልኝ።»

አነበብኩ። እኔ ከፈረምኩበት ጋር ቃል በቃል አንድ ነበር።

«እኔ ይሄን አላልኩም» አሉት መርማሪውን። «መድፍ ያልበሳው ቆዳ፣ መርፌ አይበሳውም አልኩ። እሱን ጻፍ፣ ጣቴን እሰጥሃለሁ።»

«አባባ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም።» አውራ ጣታቸውን መዳፋቸው ውስጥ ከተው ጨበጡ።

ያኔ ተነሳሁ።

«እኔ የፈረምኩት ውሸት ነው። ወረቀቴን መልስልኝ» አልኩት።

የቀለሙን ክዳን ገጥሞ ወጣ። አልመለሰልኝም።

የቪዲዮ ቤቱ ሰው ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ጥርሱ ጎድሎ ተመለሰ። መፈረሜን ነገርኩት።

«የአውሬው እግር ይሰበራል ያልከውን ግን አሁንም አልቀበልህም» አለኝ።

ከወራት በኋላ ሦስታችንንም ፍርድ ቤት ሳንቀርብ ለቀቁን። ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፊርማዬ ምናልባት አንድ ፋይል ውስጥ እስካሁን ይኖር ይሆናል። መልስልኝ ማለቴ ግን የትም አልተመዘገበም። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት።