በአስራ አንደኛው ደቂቃ የሚደክም ኮምፒውተር

ፍቃዱ ኮምፒውተሩን ለአራተኛ ጊዜ አስነሳ። የኳሱን ጌም ከፈተ፤ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ስክሪኑ ሥር አስቀመጠና መጠበቅ ጀመረ። አንድ ደቂቃ። አምስት። ስምንት። ተጫዋቾቹ ይራወጣሉ፣ ኳሷ ሳሩ ላይ እየተንሸራተተች ከእግር እግር ትዞራለች። ምንም እንከን የለም።

«ተሻለው እንዴ?» አለች ከጀርባው ወሰንየለሽ፣ የጌም ቤቱ ባለቤት።

«ቆዩ እትዬ፣ እንዳያስነጥሱበት።»

ዘጠኝ። አስር። አስራ አንደኛው ደቂቃ ላይ አጥቂው ሊመታ እግሩን አነሳ። አነሳና በዚያው ቀረ። ቆይቶ ደግሞ እግሩ ማር ውስጥ እንደገባ ሰው ቀስ እያለ ወረደ፤ ኳሷ ሄዳ ሄዳ መሀል መንገድ ላይ ቆመች።

ወሰንየለሽ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። በዘጠኝ ሰዓት የቦንጋና የጎረቤቷ ከተማ የዋጫ የጌም ፍጻሜ በዚሁ ማሽን ላይ ይደረጋል። ከስድስቱ ኮምፒውተሮች ያንን ጌም መሸከም የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ ወሰንየለሽ መርካቶ ድረስ ሄዳ ደህና የምስል ካርድ ያስገባችበት። ከዋጫ የሚመጡት ልጆች አስቀድመው ተናግረዋል፤ «እንደ ባለፈው ቅዳሜ ስታክ ካደረገ ፍጻሜው ወደ እኛ ይዞራል።» ያን ጊዜ ፍቃዱ በሰው ፊት ደረቱን መትቶ፣ «ስታክ ካደረገ ሁለተኛ ካቻቪቴ አልይዝም» ብሏል። ቦንጋ ደግሞ እንዲህ ያለውን ቃል የምትረሳ ከተማ አይደለችም።

ፍቃዱ የማንኪራ መንደር ልጅ ነው። አባቱ ጫካ ውስጥ ከዛፍ ዛፍ ቀፎ እየሰቀሉ ያሳደጉት፣ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ስለ ኮምፒውተር የተማረ፣ ሥራ ፈልጎ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ሲሰለቸው መነኸሪያው አጠገብ አንድ በር ተከራይቶ ጥገና የጀመረ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። የቢሮው ሰው ማሽኑ አልነሣ ሲለው፣ መምህሩ ፈተና ሲጠፋበት፣ «ወደ ዶክተሩ ውሰደው» ይባላል። ዶክተሩ እሱ ነው። ሰው ዕቃውን አስቀምጦለት ደረሰኝ ሳይጠይቅ ይሄዳል፤ ምን እንዳደረገበትም አይጠይቅም። ያለችው ሀብት ይቺ እምነት ናት፤ ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አብራው መዋሏ ነው ያጠራጠረው።

ያለፈው ቅዳሜ ማሽኑ መጀመሪያ ሲደክም ቤቱ ሙሉ ነበር። «ምን ሆነ?» ሲሉት ሳጥኑን እንኳ ሳይከፍት «ቫይረስ ነው» አለ። ቫይረስ ማለት ቀላል ነው፤ ማንም አይከራከርህም። ግን ወሰንየለሽ ዝም ብላ የምትተው ሴት አይደለችም።

«ቫይረሱ ከሰማይ ወረደ? ማን አመጣው?»

«እንግዲህ... ፍላሽ የሰካ ሰው ካለ...»

ዓይን ሁሉ ወደ መምህር ሰላሐዲን ዞረ። ሰላሐዲን ከወሎ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ለከተማው እንግዳ፣ ለጆይስቲክ ግን ባለቤት። ቦንጋን ለፍጻሜ ያደረሰው እሱ ነው። ዓርብ ዕለት ፈተና ሊያሳትም ፍላሹን ሰክቷል፤ ሁሉም አይቷል። «እኔ ፍላሼን እቤት ስካን አድርጌ ነው የማመጣው» ቢል ማን ይስማው። ወሰንየለሽ «መምህር፣ ከእንግዲህ ማሽኔን አትንካብኝ» አለችው፣ ቦታውም ለሌላ ተሰጠ። ፍቃዱ ሰላሐዲንን በስሙ አልጠራም። ግን «እሱ አይደለም» አላለም።

ሐሙስ ዕለት ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ፎርማት አደረገው። ቫይረስ ቢሆን ኖሮ በዚህ ይለቅ ነበር። አልለቀቀም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ፍቃዱ ደህና እንቅልፍ የለውም።

ዛሬ ደግሞ ከማለዳው አንስቶ ያልሞከረው የለም። መብራቱ ዝቅ ብሎ ይሆናል ብሎ በቴስተር ለካ፤ ደህና ነው። ራሙን አውጥቶ ጥርሱን በላጲስ ፈትጎ መለሰው። ፓወር ሰፕላዩን ከሌላው ማሽን ነቅሎ ቀየረ። ሁሌም አስር ደቂቃ ይሮጣል፣ በአስራ አንደኛው ይደክማል። አጥፍተህ ሩብ ሰዓት ብታሳርፈው እንደገና ይሮጣል።

«እንደ ሰው ነው እኮ» አለች ወሰንየለሽ፣ «ሲያርፍ ይሻለዋል።»

ቃሏ ጆሮው ውስጥ ቀረ። ሲያርፍ የሚሻለው ሲሞቅ የሚደክም ነው። ማሽኑ ደክሞ ሳለ የሳጥኑን ጎን ከፈተና ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠውን ሙቀት ሳቢ፣ ባለ ብዙ ጥርስ ብረት በጣቱ ነካ። ያቃጥለኛል ብሎ ነበር። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ፋኑ ደህና ይዞራል። ወዲያው አጥፍቶ አስነሳና የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳየውን ገጽ ከፈተ፤ ዘጠና ስድስት ዲግሪ ይላል። ከሥር እሳት፣ ከላይ በረዶ! ሙቀቱ ወደ ብረቱ አያልፍም ማለት ነው። መሀላቸው ያለው ነገር...

ፍቃዱ እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ። መሀላቸው ያለውን ያውቀዋል። ያስቀመጠው እሱ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አቧራ ሊጠርግ ብረቱን አንስቶ ነበር። ፕሮሰሰሩና ብረቱ መሀል የሚቀባው ነጭ ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ተፈረፈረ፤ ጠረገው። ምትኩ ከጅማ ነው የሚመጣው፣ ወሰንየለሽ ደግሞ «ዛሬውኑ» ብላለች። ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አባቱ የላኩለት ድቡልቡል ሰም ነበር። በአባቱ ቤት ቀፎ ሲሰነጠቅ በሰም ነው፣ የማር እንስራ ሲያፈስ በሰም ነው። ክፍተት መሙላት ከሆነ ሥራው፣ ከሰም የተሻለ ምን አለ? አሙቆ ስስ አድርጎ ቀባው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ ሰዓት ሠራ! ለማንም ባይናገርም ልቡ በራሱ ኮርቶ ነበር። ለካስ ሰሙ ጌሙ በከበደ ቁጥር እየቀለጠ በጎን ሲወርድ፣ ውስጡን ባዶ ሲያደርገው ከርሟል።

«አገኘኸው?» አለች ወሰንየለሽ።

«አንድ ዕቃ ላምጣ» ብሎ ወጣ።

በከተማው ነጭ ቅባት ሊኖረው የሚችል አንድ ሰው ትዝ አለው፤ ሬዲዮ ሠሪው ጋሽ ኃይለመስቀል። አምፕሊፋየር የሚሠራ ሰው ያንን ቅባት አያጣም። ችግሩ፣ ፍቃዱ ሱቁን የከፈተ ሰሞን «የእሳቸው ዘመን አልፏል» ብሎ መቀለዱ ነው። ቀልዱ ደግሞ ደርሷቸዋል።

«ዶክተር!» አሉ ሲያዩት፣ ከመበየጃው ካውያ ጭስ ላይ ቀና ብለው። «በሽተኛ ይዘህ መጣህ ወይስ ራስህ ነህ?»

«ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ያ ነጩ ቅባት ይኖርዎታል?»

«የቀድሞው የት ሄደ?»

«ደርቆ ጠረግኩት።»

«ጠርገህስ? በባዶው ገጠምከው?»

ፍቃዱ በሩን ዞሮ አየ። «ሰም አደረግኩበት።»

ሽማግሌው ካውያውን አስቀመጡ። ይስቃሉ ብሎ ጠበቀ፤ አልሳቁም።

«የአባትህን ሰም? ጥሩ ሰም ነው» አሉ። «እኔ በደርግ ጊዜ የአንድ ሰውዬ ቴፕ ላይ ለጋ ቅቤ ቀብቻለሁ። አይጥ ገባበትና ከነሽቦው በላው።»

«ሰውየውን ምን አሉት?»

«አይጥ በላው አልኩት። ውሸት ነው? ቅቤውን ግን አላነሳሁም።» ከመሳቢያው የተጨማደደ ቱቦ አውጥተው ሰጡት። «ጎረቤቴ ነበር። እስኪሞት ድረስ ቤቱ ስገባ ቴፑ የነበረበትን ጥግ አላይም ነበር። በል ሂድ፣ ሰዓቱ ሄደ።»

ሲመለስ ስምንት ሰዓት አልፏል፣ ቤቱም ሞልቷል። የዋጫዎቹ ተወካይ ለገሰ የመጀመሪያውን ወንበር ይዞ እግሩን ዘርግቷል። ሰላሐዲን ከበሩ ውጭ ቆሞ በሰው ትከሻ ላይ ያያል።

«እትዬ፣ በሩን ዘግቼ ብሠራው...»

«ለምን ይዘጋል?» አለች ጮክ ብላ። «ይይ እንጂ ሰው፣ የቦንጋን እጅ!»

ፍቃዱ ሳጥኑን ጀርባውን ለሰው እንዲሰጥ አዞረው። እንዲህ ቢሠራው፣ በፍጥነት ቢጠርገው፣ ማን ያያል? ማሽኑ ይድናል፣ እሱም ዶክተር ሆኖ ይቀራል፣ ቫይረሱም የመምህሩ ሆኖ ይቀራል። ብሎኖቹን ፈታ። አንዷ ከጣቱ አምልጣ ወለል ላይ ወደቀች፤ እግር ሥር ስትንከባለል ለገሰ አነሳት።

«ዶክተር፣ አንጀቱን እንዳትጥለው» አለና ሊያቀብለው ተጠጋ። አየሩን አሸተተ። «ምንድነው የሚሸተው? ጧፍ አብርታችኋል?»

ቤቱ ሳቀ። ፍቃዱ ቀና ሲል ዓይኑ ከሰላሐዲን ዓይን ጋር ገጠመ። መምህሩ አልሳቀም። ፍቃዱ ብረቱን አነሳና ገልብጦ ለሰው ሁሉ ዘረጋው፤ ዳር ዳሩ ላይ ቢጫ ሰም ረግቶ ተንጠልጥሏል።

«መምህር» አለ፤ ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ተሰማው። «ቫይረስ አልነበረም። ፍላሽህ ምንም የለበትም። እኔ ነኝ፣ ሰም ቀብቼበት።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ከዚያ በእጥፍ ፈነዳ።

«የማር ቤት አደረገው እኮ!»

«ንቦቹስ የት አሉ?»

ወሰንየለሽ አልሳቀችም። ከፍቃዱ ወደ በሩ ዞረች። «መምህር፣ ግባ። ወንበርህ ነው።»

«ከስምንት ቀን በኋላ?» አለ ሰላሐዲን፣ ሳይነቃነቅ።

«አጥፍቻለሁ። ግባ ስልህ!»

ገባ። ፍቃዱ ሰሙን በአልኮል ጠርጎ ነጩን ቅባት የምስር ፍሬ ያህል አደረገና ገጠመ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ጨዋታው ተጀመረ። ሰው ሁሉ ኳሷን ያያል፣ ፍቃዱ ሰዓቱን። ስምንት። አስር። አስራ አንድ ላይ በጣቱ ብረቱን ነካ። ሞቋል። ሙቀቱ ወደ ላይ እያለፈ ነው። አስራ አምስት፣ ሃያ፤ ኳሷ ትሮጣለች።

ለገሰ ሁለት ለአንድ አሸነፈ። ሰላሐዲን ጆይስቲኩን አስቀምጦ፣ «ማሽኑ ደህና ነበር፤ እኔ ነኝ የደከምኩት» አለ፤ ፍቃዱንም ሰላም ሳይለው ወጣ።

ሰዉ ሲበተን ወሰንየለሽ ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች።

«አሁን እውነቱን። ሌላ ስንቱ ላይ ቀብተሃል?»

ምንም ማለት ይችል ነበር። ሌሎቹ ይህን ያህል ከባድ ሥራ የለባቸውም፤ ዓመት ሳይታወቅ ሊቆዩ ይችላሉ።

«ሁለት» አለ። «አንዱ እዚህ ጥጉ ላይ ያለው። አንዱ የወርቅአፈራሁ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር።»

ተነሥታ የጥጉን ማሽን ሶኬት ነቀለች። «ይሄን ነገ ትሠራዋለህ፤ እኔም አጠገብህ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ካሁን በኋላ እንዲያ ነው።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ወርቅአፈራሁ በአስራ ሁለት ነው የሚዘጋው። ሳይዘጋ ድረስ፤ ሌላ ሰው ሳይነግረው አንተው ንገረው።»

ፍቃዱ ቱቦውንና ካቻቪቴውን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ወደ ፎቶ ቤቱ የመነኸሪያውን ዳገት ሲይዝ የዋጫዎቹ ሚኒባስ አጠገቡ አለፈ፤ አንድ ሰው በመስኮት ብቅ ብሎ የሆነ ነገር ጮኸበት። ምን እንዳለ ለመስማት አልቆመም።