የጋሼ ታማሚ

የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ፣ ፒያሳ ወርቅ ቤታቸው ብቅ ስል መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ እኔ አልነበረም። ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው፣ «ያቺ ታማሚሽ እንዴት ዋለች?» ይሉኝ ነበር።

እኔ ስድስት ኪሎ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለስልክ ስክሪን የሚሆኑ ስስ መብራቶች እሞክራለሁ። ቀዩና አረንጓዴው ይቆያሉ፤ ሰማያዊው የሚሠራበት ቁስ ግን ቶሎ ስለሚበላሽ ፈጥኖ ይደበዝዛል። ይህን ካስረዳኋቸው ወዲህ ሰማያዊዋን እንደ ዘመድ ይጠይቋት ጀመር።

«ዛሬም ደክማለች» እላቸዋለሁ አንገቴን ደፍቼ።

«እግዜር ይማራት። መድኃኒቷን ቀይሪላት እንጂ» ይላሉ፤ ገበያተኛው ሁሉ እየሳቀ አሜን ይላል።

ቀየርንላት። በአዲሱ ቁስ የተሠራችው መብራት ሳትደበዝዝ በሰነበተችበት ሳምንት ጋሼ አረፉ።

ድንኳን ውስጥ የጎረቤት ሱቅ ባለቤቷ እትዬ ጠጋ አሉኝ። «ያቺ የጋሼ ታማሚስ?»

«ተሽሏታል» አልኳቸው። ድምፄ ውስጥ ደስታ እንዳለበት ለራሴም ተሰማኝ። ጋሼ ሄደው እሷ በመትረፏ ደስ ያለኝ ያህል አፈርኩ፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

እትዬ ያለቀስኩ መስሏቸው፣ «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ።