የእትዬ ዘይነባ ጳጉሜን

ዛሬ ጠዋት የአንድ ዓሣ ነጋዴ አሮጌ ኮምፒውተር ክዳን ስፈታ የአቧራና የእርጥብ ደንገል ሽታ ወጣ። የእትዬ ዘይነባ ቤት ሽታ ነው።

እትዬ ዘይነባ ጎረቤታችን ነበሩ። አባታቸው ጣና ዳር የደንገል ታንኳ ያስሩ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ይተይባሉ፣ ያትማሉ። ኑሯቸው የቆመው ግን በዘመን መቁጠሪያ ነበር። ነሐሴ ላይ የመራዊና የአንበሳሜ ነጋዴዎች ለደንበኞቻቸው የሚያድሉትን ያሳትማሉ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርሁ፤ ከኮምፒውተራቸው ሆዳም ስክሪን ፊት አልጠፋም ነበር።

አንድ ነሐሴ ዘመን መቁጠሪያውን የሚያዘጋጁበት ፕሮግራም ተቆለፈ። እንደ ከተማው ሁሉ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ነበር፤ ፈቃዱን መግዛት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ኮሌጅ የሚያስተምር ደንበኛቸው ሌላ በሲዲ አመጣላቸው፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ሠርተው በነጻ የለቀቁት፣ ውስጡን ማንም ከፍቶ የሚያርመው። በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ዓመት ግን አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነበር። እትዬ ዘይነባ መምህሩን እየጠየቁ፣ እየሳቱ እያረሙ፣ ጳጉሜንን አስገቡ።

በዚያው ሰሞን ከመንገዱ ማዶ ያሉት ተፎካካሪያቸው የጋሽ ሙሉቀን ማሽንም ተቆለፈ። ደንበኞቻቸው ወደ እትዬ ዘይነባ መሻገር ሲጀምሩ፣ እትዬ ዘይነባ ጳጉሜን ያስገቡበትን ፕሮግራም በሲዲ ገልብጠው ለጋሽ ሙሉቀን ሊሰጧቸው ተነሡ።

«አብደሻል?» አለች ታናሽ እህታቸው ሩቅያ። «በገዛ እጅሽ ቤታችንን ልትዘጊው ነው?»

«አባባ ታንኳ ሲያስር አጥር ያጥራል እንዴ? ሰው ሁሉ እያየ ነው የሚያስረው። የሚገዙት እጁን ነው።»

ለጋሽ ሙሉቀንም «ወንፈል ነው፤ የተበላሸ ካገኘህ መጥተህ ትነግረኛለህ» አሏቸው።

ደንበኞቹ ለጋሽ ሙሉቀን ተመለሱላቸው። ሩቅያ አኮረፈች። የዓመቱ ወረቀት በሙሉ በዱቤ ተገዝቶ፣ ተቆርጦ፣ ሕትመቱ ሊጀመር ሲል ጋሽ ሙሉቀን የሙከራ ወረቀታቸውን ከዝናቡ በጋቢያቸው ከልለው እየሮጡ ገቡ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን ሰርቀሽናል!»

«የምን ቀን?»

«መጪው ዘመነ ሉቃስ አይደለም? ጳጉሜን ስድስት ናት፤ አንቺ አምስት ላይ ዘግተሻታል።»

እትዬ ዘይነባ ግንባራቸውን መቱ። «ያ ረቢ! ያ ሁሉ ወረቀት!»

ፕሮግራሙን ብቻቸውን ይዘውት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወረቀት ተበላሽቶ ቤቱ በዚያች በጎደለች ቀን ሰበብ ይዘጋ ነበር። ሩቅያ ወንበር ስባ «ይቀመጡ ጋሼ፣ ረጥበዋል» አለች፤ ከኩርፊያዋ በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው። እርማቱን መምህሩ ፕሮግራሙን ለሚሠሩት ሰዎች ላከው።

እትዬ ዘይነባ ካረፉ ቆይተዋል። እኔም የኮምፒውተር ሙያውን ያለ አስተማሪ የለመድሁት የዚያ ፕሮግራም ውስጡ ክፍት ስለነበር ነው፤ የምኖረውም ማንም በነጻ በሚያገኘው ፕሮግራም ላይ እጄን እየሸጥሁ ነው። የነጋዴውን ኮምፒውተር ጠግኜ ያንኑ ፕሮግራም ጫንሁበት። ዓመቱን ወደ ሉቃስ አዙሬ አሥራ ሦስተኛዋን ወር ከፈትሁ።

ስድስተኛዋ ቀን በቦታዋ ነበረች።