ሽጉጥ ይዞ አቤት አይባልም

ሥራ የጀመርኩት ኦሎምፒክ አትላንታ መጥቶ በሄደ በዓመቱ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ቦታው ከሎረንስቪል ወጣ ብሎ ያለ የተኩስ ሜዳ ነበር። ከዚያ በፊት መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና አቆም ነበር። የሜዳው ባለቤት ዴል ይባላል፤ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባ የጆርጂያ ሰው ነው። «ሽጉጥ ይዘህ ታውቃለህ?» አለኝ። በሕይወቴ ይዤ አላውቅም አልኩት። «ጥሩ። እኔን የሚያስቸግሩኝ እናውቃለን የሚሉት ናቸው» አለና በሕንፃው ውስጥ ባለው መተኮሻ ቀለህ እንዳነሳ አዘዘኝ።

ቀለህ ጥይት ሲተኮስ ከሽጉጡ ተፈናጥሮ የሚወድቀው ባዶ ናስ ነው። እኔም በመጀመሪያ ቀኔ ጎበዝ ልባል ብዬ ጥግ የቆመ መጥረጊያ አንስቼ ወለሉን አቧራውን እያቦነንኩ ጠረግሁት። ዴል ከመስታወቱ ጀርባ እየጮኸ መጣ። ለካ ተኩስ ቤት ውስጥ በደረቁ አይጠረግም፤ አቧራው የእርሳስ ብናኝ ስላለበት ሳንባ ይገባል። ቀለሁ በጎማ መግፊያ ይሰበሰባል፣ ወለሉ በእርጥቡ ይወለወላል፣ ከዚያ የወለወለው ሰው እጁንና ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። እዚህ ቤት የሚፈለገው ጉብዝና ሳይሆን ሥርዓት እንደሆነ በዚያው ቀን ገባኝ።

ስምንት ወር ቀለህ ለቀምኩ። ዘጠኝ ሚሊሜትሩን ከአርባ አምስቱ በጣቴ ብቻ መለየት ቻልኩ። ከዚያ የጆሮ መከላከያና መነጽር ማከራየት ጀመርኩ። ከዚያ የተቆጣጣሪዎችን ቀይ ሸሚዝ ለብሼ ከተኳሾች ጀርባ መቆም መጣ። በመጨረሻ ኮርስ ወስጄ፣ ተፈትኜ ሬንጅ ኦፊሰር ሆንኩ። ሬንጅ ኦፊሰር በግጥሚያ ቀን ከተኳሹ አንድ ክንድ ርቀት ቆሞ ሰዓት የሚይዝ፣ ትእዛዝ የሚሰጥ፣ ያጠፋውን የሚያስወጣ ዳኛ ነው። የምስክር ወረቀቱን በፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቀልኩት። ባለቤቴ የልጆቹን ፎቶ ለምን ወደ ኮሪደር እንዳዛወርኩ እስካሁን ትጠይቀኛለች።

አበሻ ሬንጅ ኦፊሰር አለ ሲባል ያገሬ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ታክሲ ነጂ፣ የነዳጅ ማደያ ባለቤት፣ የነርሲንግ ሆም ሠራተኛ። አብዛኞቹ ሽጉጡን ቀድመው ገዝተው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ዓመት አስቀምጠው፣ ከዚያ ነው እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቁት።

ከነሱ አንዱ ጋሽ በቀለ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጸሎት ሲመሩ ማይክ አያስፈልጋቸውም። ቻምብሊ ውስጥ የስልክ ካርድና ቅመማ ቅመም የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። ሱቁ ሁለት ጊዜ ሲዘረፍ ሽጉጥ ገዙ። ወደኛ ያመጡት በምሳ ዕቃ ነው። ከፍተው «ተፈራ ልጄ፣ እስቲ ይችን ነገር እያት» አሉና በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው፣ አፈሙዙን ወደ ሆዴ አድርገው ዘረጉልኝ። እኔም ያደግሁበት አልለቅ አለኝና ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።

የጥይት መያዣውን ካዝና አውጥቼ የላዩን ብረት ወደ ኋላ ስስበው አንድ ጥይት ዘሎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። «በኢየሱስ ስም!» አሉ ጋሽ በቀለ። ዴል ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሁሉን ያይ ነበር። «እናንተ ሰዎች» አለኝ፣ «እየተከባበራችሁ ልትገዳደሉ ነው?»

ስቄ አለፍኩት። ሳላልፈው ብቀር ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ በቀለን በመኪና ያመጣቻቸው ልጃቸው ሣራ ናት። እዚሁ አድጋ፣ ኬኔሶ ውስጥ ፋርማሲስት ሆና ትሠራለች። እኔን በዕድሜ አጎቷ ልሆን የምችለውን ሰውዬ «ተፌ» ነው የምትለኝ፤ ጋሼ የለ፣ አንቱ የለ። ጋሽ በቀለ በዚህ ያፍሩ ነበር። «አሜሪካ ወሰደብኝ» ይሉኛል። «አንድ ነገር ብቻ ነው አጥብቄ ያስተማርኳት። በቤቴ አባት ሲጠራ ጀርባ ሰጥቶ ‹ዋት› አይባልም። ዞሮ፣ ፊት ለፊት፣ አቤት ነው። እሱንም ሳትረሳው አልቀረችም።»

«አባዬ፣ ኢናፍ፣ ፕሊስ» ትላለች ሣራ።

ያን ቀን ጋሽ በቀለ አሥር ተኩሰው የዒላማውን ወረቀት አንድ ጊዜ መቱ። ሣራ ለመሞከር ያህል ተነሳች። አሥሩንም በመዳፍ በሚሸፈን ቦታ ላይ አሳረፈቻቸው። ዴል ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ወረቀቱን መልሶ አየ። «ቅዳሜ ውጭ ግጥሚያ አለ፤ ንገራት» አለኝ።

ግጥሚያው እንዲህ ነው። ከሕንፃው ጀርባ በሦስት ጎን በአፈር ክምር የተከበበ ሜዳ አለ። ተኳሹ ሽጉጡን ከወገቡ መዝዞ፣ ከቦታ ቦታ እየተራመደ፣ ካዝና እየቀየረ፣ የካርቶን ዒላማና የብረት ሰሌዳ ይመታል። ነጥቡ ለፈጀው ጊዜ ይካፈላል። ከሕጎቹ ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው፦ በተኳሹ ግራና ቀኝ ትከሻ መስመር እንደተሰመረ ይቆጠራል። አፈሙዙ ያን መስመር አልፎ ወደ ኋላ ወደ ሰው ከዞረ፣ ተኮሰም አልተኮሰም፣ ለዚያ ቀን አበቃለት። ይቅርታ የለም።

ጋሽ በቀለ አልተዋጠላቸውም። «ለመጠበቂያ ይሁን እሺ። ሽጉጥ ደግሞ ጨዋታ ነው?» አሉኝ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ። ሣራ ግን የአባቷ ልጅ ናት፣ እልኸኛ ናት። በመጨረሻ ክንዴን ይዘው «ከሄደች አደራህን፤ አንድ ነገር እንዳትሆን» አሉ። አደራ የሚለውን ቃል የሚያውቅ ያውቀዋል። እንቅልፍ የሚነሳ ቃል ነው።

ሣራ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ተለማመደች። መጀመሪያ ላይ ጥድፊያዋ አስቸገረኝ፤ ካዝና ስትቀይር ይወድቅባታል፣ ሽጉጡን ስትመዝ ሸሚዟ ይያዝባታል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኳት። ትርጉሙን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ኦኬ፣ ዛት ሜክስ ሴንስ» ብላ በወረቀት ጽፋ ከጥይት ሣጥኗ ክዳን ውስጥ ለጠፈችው። በአማርኛ መጻፍ ስለማትችል በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የጻፈችው። ያን ወረቀት ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

የምትፈልገው ግን ማሸነፍ አልነበረም። አንድ ቀን መኪናዋ ላይ ዕቃ ስንጭን ነገረችኝ። «ተፌ፣ አባዬ ግራጁዌሽኔ ላይ እንኳ ሱቅ ክፍት ነው ብሎ አርፍዶ መጣ። አንዴ ብቻ መጥቶ ጥሩ የምችለውን ነገር እንዲያየኝ ነው የምፈልገው።» በየወሩ ትጋብዛቸዋለች፤ በየወሩ ሱቅ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ለቅሶ አለ።

አንድ የጥቅምት ቅዳሜ መጡ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ በዚያ ቀይ የጆርጂያ ጭቃ ላይ በተወለወለ ጫማ እየተጠነቀቁ መጡ። የመጨረሻው ዙር ነበር፤ የሚቀጥለው ተራ የሣራ ነው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያለምንም ጥፋት ተኩሳ ነበር። አባቷ መምጣታቸውን አላየችም፤ ፊቷን ወደ ዒላማው አዙራ በልቧ እርምጃዋን ትቆጥራለች።

ለሚመጣ ተመልካች ሁሉ የምናገረው ነገር አለ። ከገመዱ አትለፍ፤ ሽጉጥ የያዘ ሰው አትጥራ፤ «ሬንጅ ክሊር»፣ ማለትም ተኩሱ አብቅቷል፣ እስክል ድረስ አታጨብጭብ። ለፖሊስ እናገራለሁ፣ ለዴል ሚስት እናገራለሁ። ያን ቀን ግን ጋሽ በቀለ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው ቆመዋል። የመከሩኝን፣ ከባለቤቴ ጋር ስንጣላ ያስታረቁንን ሰው «ዝም ብለው ይቁሙ» ማለት ከበደኝ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚሉኝ መሰለኝ። «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ» ብዬ ወንበር አቀረብኩላቸውና ወደ ቦታዬ ሄድኩ።

ሣራ የዚያን ቀን እንደተኮሰችው ተኩሳ አታውቅም። አልቸኮለችም። ካዝናው ሳይወድቅ ተቀየረ። የመጨረሻው የብረት ሰሌዳ ደወል መስሎ ጮኾ ወደቀ። ሽጉጧ ገና በእጇ ነው፤ ውስጡ ጥይት አለ። ባዶ እንድታደርገው ላዝዝ አፌን ስከፍት ጋሽ በቀለ ከደስታ ብዛት ከወንበራቸው ተነሱ።

«ሣራ!» አሉ፣ በዚያ ማይክ በማያስፈልገው ድምፅ።

የጆሮ መከላከያዋ ተኩስ አፍኖ የሰው ድምፅ የሚያሳልፍ ዓይነት ነበር።

«አቤት አባዬ!» ብላ ዞረች።

አፈሙዙ በሆዴ ትይዩ ሲያልፍ አየሁት። በግራ እጄ አንጓዋን ይዤ ወደ አፈሩ መለስኩት፤ «ስቶፕ!» ብዬ ጮኽኩ። ጣቷ ምላጩ ላይ አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያንን አስተምሬያት ነበር። ትእዛዙን ሰጠኋት። ካዝናውን አወጣች፣ ጥይቱን አወጣች፣ ባዶውን አሳየችኝ፣ ወገቧ ላይ ወዳለው ማህደር መለሰችው።

ነጥብ መዝጋቢው ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ ነበር። «እኔ አላየሁም፤ አንተ የምትለውን እጽፋለሁ» አለኝ። አየሁት፣ ሣራን አየሁ፣ ገመዱ ጋ የቆሙትን አባቷን አየሁ። ባልፈው ማንም አይጠይቀኝም። እሷም የጀመረችውን ግጥሚያ በአባቷ ፊት ትጨርሳለች። ግን አደራ ብለውኛል።

«ዲስኳሊፋይድ፤ ጻፍ» አልኩት።

«ተፌ፣ ሲሪየስሊ? አባቴ ፊት?» አለች ሣራ። ዓይኗ ሞላ።

ጋሽ በቀለ መጡ። «ምን አጠፋች? እኔ ነኝ የጠራኋት። አቤት ያለ ልጅ ይቀጣል?»

«ጋሼ፣ ዞራ ነው። ሽጉጡ አብሯት ዞረ። ቢባርቅ እኔን፣ ወይም እርስዎን» አልኩ። «ጥፋቱ ግን ከኔ ነው። ለሁሉም የምናገረውን ለእርስዎ አልተናገርኩም። አፍሬ ነው።»

ዴልም በዚህ መሀል ደረሰ። አልጮኸም፤ ሳይጮኽ ሲቀር ደግሞ ይከብዳል። «ለተመልካቾች ተናግረሃል?» አለኝ። «ከአንድ ሰው በቀር» አልኩት። እጁን ዘርግቶ የሰዓት መያዣዬን ተቀበለኝ። «ዛሬ ቀለህ ልቀም» አለ።

በሰባተኛ ዓመቴ፣ ወረቀቴ ሳሎን ተሰቅሎ፣ ባልዲ ይዤ ቀለህ ለቀማ ወረድኩ። ትንሽ ቆይቶ ሣራ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። ቀጥሎ ጋሽ በቀለ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አጥፈው፣ የሱሪያቸውን ጉልበት ሰብስበው ቁጢጥ አሉ። ሦስታችን ለቀምን።

«አቤት አለችኝ እኮ» አሉኝ ጋሽ በቀለ፣ ቀስ ብለው፣ ልጃቸው የማትሰማ ይመስል።

«አባዬ፣ ተፌን ልገድለው ነበር» አለች ሣራ።

«እሱማ ጥሩ አይደለም» አሉ። ከዚያ አንድ እፍኝ ቀለህ ባልዲው ውስጥ ጣሉና ወደኔ ዞሩ። «አደራዬን ጠብቀሃል። የጻፍከው ልክ ነው። ሁለተኛ ግን እኔን እንዳታፍረኝ።»

በሚቀጥለው ወር ጋሽ በቀለ ከሁሉ ቀድመው መጡ። ገመዱ ጋ ጠብቄ፣ እጄን ከኋላ አጣምሬ ሳይሆን ጣቴን እየቆጠርኩ፣ ሕጉን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። «ድገምልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። ሣራ ስትተኩስ ከንፈራቸውን በመዳፋቸው ከድነው ቆሙ።

ሣራ የመጨረሻውን ዙር ጨረሰች። ከታች አራተኛ ነበር የወጣችው። ካዝናውን አወጣች፣ ባዶውን አሳየችኝ፣ ሽጉጡን ወደ ማህደሩ መለሰች። እኔም «ሬንጅ ክሊር» አልኩ። ያኔ በሁለት ባዶ እጆቿ ወደ አባቷ ዞረችና፣ ማንም ሳይጠራት፣ «አቤት አባዬ» አለች።

ከዚያ በኋላ እዚያ ሜዳ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ማስጠንቀቂያውን ለመጣው ሁሉ ተናገርኩ፤ ሽማግሌ ሲመጣ ደግሞ ከሽማግሌው ጀመርኩ።