እህቴ ችሎት ፊት የተናገረችው

እናታችን የሞተችው መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው። አባታችን ቀድሞ ሞቷል። እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እህቴ አሥራ አምስት። ከሚሴ ውስጥ እኔን የነካ ሰው ከእሷ እጅ አያመልጥም ነበር። አንድ ቀን የጎረቤት ጎረምሳ ግንባሬን በድንጋይ ፈንክቶኝ እያለቀስኩ ስገባ፣ ዘነዘናውን ከሙቀጫው መዝዛ ወጣች። ክንዱን ስትለው አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ተመልሳ ደሜን እየጠረገች «ወላሂ፣ አንተን የነካ ከእኔ ጋር ነው» አለችኝ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ያገባችው በሰንበቴና በባቲ ገበያ ከብት የሚነግድ ሰው ነው። «ወንድሜን ይዤ እንጂ ብቻዬን አልገባም» ብላ እኔንም ይዛኝ ገባች። ሰውየው ገበያ ቀንቶት ሲመለስ ደግ ነው፤ ካልቀናው ይደበድባታል። ዱላውን ሲያነሳ እኔን ጓዳ ታስገባና በሩን ትዘጋብኛለች። በማግስቱ ያበጠ ፊቷን ለጠየቃት ሁሉ «ላሟ ገፍታኝ ነው» ትላለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ጨፋ ሮቢት ወፍጮ ቤት እሠራ ነበር። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ልጠይቃት ብመጣ፣ ፀጉሯን ጨምድዶ ጭንቅላቷን ከበሩ መቃን ጋር ያጋጫል። ግቢው ውስጥ መጥረቢያ ነበር። በጀርባው ጉልበቱን አልኩት፤ ወደቀ። ከወደቀ በኋላ ፊቱን መታሁት።

«ዲሲ! ተው!» ብላ በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኸች። ለእሱ የምትናገር መስሎኝ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ስሰነዝር ግን በላዩ ተደፋችበትና ምቱ ጀርባዋ ላይ አረፈ።

ፍርድ ቤት ስንቀርብ፣ «እኔን ለማዳን ነው የመታው» ትላለች ብዬ ተማምኜ ነበር።

ዳኛው «ማን ነው የመታው?» አሏት።

«ወንድሜ።»

«አንቺን ለማዳን ነው ይላል።»

አየችኝ። «የመጀመሪያውን የመታው ለእኔ ነው፣ ጌታዬ። ከወደቀ በኋላ የመታው ግን ለራሱ ነው።»

አራት ዓመት ተፈረደብኝ። ስንቅ ሳታቋርጥ ታመጣለች፣ ሰሃኑን ታቀብለኝና ሳታየኝ ትመለሳለች። በሁለተኛው ዓመት አላስችል ብሎኝ «እታለም፣ ምን ብበድልሽ ነው?» አልኳት።

«አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፤ እግሩም አይታጠፍም» አለች። «የእሱን ዱላ ለምጄዋለሁ። የአንተን ግን አላውቀውም ነበር። አንተን ፈራሁህ።»

ከእስር ስወጣ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄድኩ። ባሏ ከውስጥ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ከዚያ ወዲህ ለመምታት አቅም አልነበረውም። እሷ ደጃፉ ላይ ቆማ ውሃ ሰጠችኝ። «ጠጣና ሂድ» አለችኝ። ጠጥቼ ሄድኩ።

ኮምቦልቻ ገብቼ አገባሁ። ልጄ የተወለደች ጊዜ እህቴ ሳልጠራት መጣች። አሥር ቀን አራሷን ስታርስ ከእኔ ጋር ያወራችው ስለ ልጂቱ ብቻ ነው። ከሄደች በኋላ ሚስቴ እያመነታች፣ «እህትህ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኛለች» አለችኝ። «እጁን ካነሳብሽ ደውይልኝ፣ በዚያኑ ቀን እደርሳለሁ» ብላታለች።

በንዴት ጦፍኩ። ከሚሴ ወርጄ ልጮህባት መኪና ተራ ድረስ ሄጄ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጬ እስኪሞላ ስጠብቅ ግን፣ ሚስቴ እርጉዝ ሳለች በቡጢ ልመታት እጄን ሰንዝሬ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ግድግዳውን የመታሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ለማንም አልተናገርንም ነበር። ከአውቶቡሱ ወርጄ ወደ ቤቴ ተመለስኩና ሚስቴን «ቁጥሯን አታጥፊው» አልኳት።